የፎረንሲክ ባለሙያዎችን ሕግ ለማሻሻል የትኛው መንገድ ይሻላል? የአማራጮች ንጽጽር

በወንጀል ችሎት የዐይን ምስክር ሲቀርብ ሁሉም በጥርጣሬ ነው የሚያዳምጠው። ይረሳል፣ ይፈራል፣ ቂም ይኖርበታል ተብሎ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፋጠጣል። የላብራቶሪ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲቀርብ ግን ክርክሩ ይበርዳል። ጠበቃው የሚጠይቀው ያጣል፣ ዳኛውም የሚያመዛዝንበት መለኪያ አይኖረውም፤ "ባለሙያው ብሏል" ከተባለ ነገሩ አበቃ። ለዚህ ነው የፎረንሲክ ባለሙያውን፣ ማለትም የወንጀል ማስረጃን በሳይንስ መርምሮ ለፍርድ ቤት የሚያስረዳውን ሰው፣ ማን እንደሚመድበው፣ የት እንደሚሠራ፣ ምን ጽፎ ማስረከብ እንዳለበት፣ ሲሳሳትም ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ሕግ የሰው ነጻነት የተንጠለጠለበት ሕግ የሚሆነው።

ይህ ጽሑፍ ረቂቅ ለሚያዘጋጁ፣ በረቂቅ ላይ አስተያየት ለሚሰጡ፣ ወይም ተከራክረው ለማሳመን ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ነው። አማራጮቹን ሁሉ የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ባለሙያው ሲሳሳት ስህተቱን ማን ሊያገኘው ይችላል? በእጁስ ምን ይዞ? ብዙ የማሻሻያ ሐሳቦች ከባለሙያው ዲግሪና ከልምድ ዘመኑ ይጀምሩና እዚያው ያልቃሉ። የተማረ ሰው ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ታሪክን ያበላሹት ትልልቅ ስህተቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በወረቀት ላይ ብቁ በነበሩ ሰዎች ነው።

ባለሙያውን ማን ይጥራው?

የመጀመሪያው መንገድ ለተከራካሪዎች የተተወ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ ዐቃቤ ሕግ የራሱን ባለሙያ ያቀርባል፣ ተከሳሽም የራሱን፤ ሁለቱ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል፦ ስህተት ካለ የሚፈልገው ባለጉዳይ አለ። ችግሩ አቅም ነው። ዐቃቤ ሕግ ከጀርባው የመንግሥት ላብራቶሪ አለለት፤ ተከሳሹ ብዙ ጊዜ ለጠበቃም የሚከፍለው የለውም። በሕጉ ላይ ሁለት ባለሙያዎች አሉ፣ በችሎት ግን የሚታየው አንድ ብቻ ነው። ሌላው ችግር ለከፋይ ማድላት ነው። የእንግሊዝ የሥነ ሥርዓት ደንቦች ይህን ለማረም የባለሙያው ግዴታ ከቀጠረው ወገን ይልቅ ለፍርድ ቤቱ ነው ብለው ደንግገዋል፤ ባለሙያውም ይህን ግዴታ እንደሚያውቅ በሪፖርቱ ላይ ማረጋገጥ አለበት። ጥሩ ድንጋጌ ነው፣ ከየትኛውም ሥርዓት ጋር ስለሚሄድም ያለ ማመንታት ሊወሰድ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ፍርድ ቤቱ ራሱ እንዲመድብ ነው። ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ኔዘርላንድስ በዚህ መስመር ናቸው። ወጪው ይቀንሳል፣ ባለሙያውም የማንም ወገን አይደለም። አደጋው ግን ከዚሁ ይመነጫል፦ ዳኛ ራሱ የመረጠውን ሰው መጠራጠር ይከብደዋል። ፈረንሳይ ይህን የተማረችው በከባድ ዋጋ ነው። ኡትሮ በተባለችው ከተማ በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት አድርሳችኋል ተብለው ከተከሰሱት 17 ሰዎች 13ቱ በ2004 እና በ2005 ነጻ ወጡ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከእነርሱ ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ታስረው ነበር፤ ሌላ አንድ ተጠርጣሪም ችሎት ሳይቀርብ በእስር ላይ እያለ ሞቷል። የልጆቹን ቃል ተዓማኒነት አስመልክቶ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሰጡት አስተያየት ከባድ ትችት ደረሰበት። በ2007 የወጣው ማሻሻያ የባለሙያ ምርመራ ሲታዘዝ የትእዛዙ ግልባጭ ለዐቃቤ ሕግና ለጠበቆች እንዲደርስ አደረገ። እነርሱም በ10 ቀን ውስጥ ለባለሙያው የሚቀርቡት ጥያቄዎች እንዲለወጡ ወይም እንዲጨመሩ፣ ወይም የመረጡት ሌላ ባለሙያ አብሮ እንዲመደብ መጠየቅ ይችላሉ።

ይህን ድንጋጌ በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ሰው የሚከራከረው ስለ መልሱ ነው፤ የባለሙያ ምርመራ ግን ብዙ ጊዜ የሚጣመመው በጥያቄው ላይ ነው። "ሟች የሞተው ታንቆ መሆኑን አረጋግጡልን" ተብሎ የተላከ አስከሬንና "የሞቱ ምክንያት ምንድን ነው?" ተብሎ የተላከ አስከሬን የሚመረመሩት በተለያየ ዐይን ነው።

ሦስተኛው መንገድ ቅይጥ ነው። ቻይና በ2012 ባሻሻለችው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪዎች "ልዩ ዕውቀት ያለው ሰው" ችሎት ቀርቦ በምርመራ ውጤቱ ላይ አስተያየት እንዲሰጥላቸው መጠየቅ እንዲችሉ ፈቅዳለች። ይህ ሰው ናሙናውን እንደገና አይመረምርም። ሪፖርቱን አንብቦ የቱ ላይ ክፍተት እንዳለ ለዳኛው ያሳያል፤ ለጠበቃውም ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ይነግረዋል። የሰው ኃይል በጠበበበት ሥርዓት ይህ ከሙሉ ሁለተኛ ምርመራ በብዙ ይረክሳል።

የእኔ ምርጫ ባለሙያ በበዛበትና ለተከሳሽ የመንግሥት ድጎማ ባለበት ቦታ የመጀመሪያው፣ ባለሙያ ጥቂት በሆነበት ቦታ ደግሞ ሁለተኛው ነው፤ ነገር ግን የ2007ቱ የፈረንሳይ ማሻሻያና የቻይናው ልዩ ዕውቀት ያለው ሰው ካልተጨመሩበት ሁለተኛውን አልመክርም።

ሁለተኛ አስተያየት ብቻውን አያድንም

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ "ሁለት ባለሙያ ካየው በቂ ነው" የሚለው እምነት በረቂቆች ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። መጋቢት 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ከደረሰው ፍንዳታ በኋላ የፍንዳታ ማስነሻዎች በነበሩበት ከረጢት ላይ የጣት አሻራ ተገኘ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በኮምፒውተር ፈልጎ አሻራው በኦሪገን የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው አለ። አንዱ መርማሪ አለ፣ ሁለተኛው አረጋገጠ፣ ሦስተኛውም ደገመው። የስፔን ፖሊስ ሚያዝያ ውስጥ "አይገጥምም" ብሎ ጽፎ ነበር፤ ኤፍቢአይ ግን በአቋሙ ጸና። ሰውየው በግንቦት ታሰረ። ፍርድ ቤቱ ከውጭ የመደበው ገለልተኛ ባለሙያም አይቶ ከኤፍቢአይ ጋር ተስማማ። በዚያው ጊዜ ስፔኖች የአሻራውን እውነተኛ ባለቤት፣ ሌላ ሰው፣ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ጠበቃው ተፈታ፤ መንግሥትም ይቅርታ ጠይቆ በ2006 2 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለ።

አራት ሰዎች ተመሳሳይ ስህተት የሠሩት ሁሉም ደካሞች ስለነበሩ አይደለም። ተከታዮቹ የፊተኛውን መልስ አውቀው ነው የጀመሩት። የቀደመውን መልስ የሚያውቅ ሰው አሻራውን ሲያይ ተመሳሳዩ መስመር ጎልቶ ይታየዋል፣ ልዩነቱ ደግሞ ጭቃ ወይም እጥፋት ይመስለዋል። ስለዚህ ሕጉ ወይም ከሥሩ የሚወጣው ደንብ ሁለት ነገሮችን ቢያስገድድ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ሁለተኛው መርማሪ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያውቅ ይመርምር። ሁለተኛ፣ መርማሪው ከቦታው የተገኘውን አሻራ አጥንቶ ምን ምን ምልክት እንዳየበት ጽፎ ሳይፈርም የተጠርጣሪው አሻራ አይሰጠው። ተጠርጣሪው አምኗል ወይስ አላመነም፣ ከዚህ በፊት ተከሷል ወይስ አልተከሰሰም የሚለው ደግሞ ለአሻራ መርማሪ ምንም የማይጠቅም ወሬ ነውና ወደ ጠረጴዛው አይድረስ። ይህን የሚያጣራ አንድ ጉዳይ አስተባባሪ በላብራቶሪው ቢመደብ አዲስ ሕንጻም አዲስ መሣሪያም አይጠይቅም።

ላብራቶሪው የማን ይሁን?

አማራጮቹ በፖሊስ ሥር፣ በነጻ የመንግሥት ተቋም፣ ወይም በግል ገበያ ናቸው።

በፖሊስ ሥር መሆን ለፍጥነት ይመቻል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2009 ባወጣው ሰፊ ሪፖርት ላብራቶሪዎች ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ አስተዳደር እንዲወጡ መክሯል። ሂውስተን ይህን ተግብራለች። ከ2014 ጀምሮ የከተማዋ ላብራቶሪ ከፖሊስ ውጭ በራሱ ቦርድ ይመራል፤ በመደበኛው ሥራ መሃል መርማሪዎቹ ሳያውቁ የሙከራ ናሙናዎችን እያስገባ ሥራቸውን ይፈትናል። መርማሪው ፈተና ላይ መሆኑን ካወቀ ይጠነቀቃል፤ ካላወቀ ግን የሚለካው የዘወትር ሥራው ነው። ካየኋቸው የጥራት መቆጣጠሪያዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም።

የግል ገበያው አነስተኛ ድጋፍ ነው ከእኔ የሚያገኘው። እንግሊዝ በ2012 የመንግሥቱን የፎረንሲክ አገልግሎት ዘግታ ሥራውን ለግል ድርጅቶችና ለፖሊስ ላብራቶሪዎች ተወች። በ2017 በአንድ የግል የመድኃኒትና የመርዝ ምርመራ ላብራቶሪ ውጤቶች ሳይለወጡ አልቀሩም ተብሎ ከ10,000 በላይ ጉዳዮች መጣራት ግድ ሆነ። አስገዳጅ ሥልጣን ያለው ተቆጣጣሪ የተቋቋመው በ2021 ሕግ ነው፤ የአሠራር ደንቡም ሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 2023 ነው። መቆጣጠሪያው ከገበያው አሥር ዓመት ዘግይቶ መጣ። ወደ ግል የሚያደላ ረቂቅ ካለ ተቆጣጣሪው ቀድሞ ሥልጣን ይዞ መቀመጥ አለበት።

ከፖሊስ መውጣት ግን በራሱ ዋስትና አይደለም። በማሳቹሴትስ በ2012 የተያዘችው ኬሚስት የምትሠራው በጤና መሥሪያ ቤት ሥር በነበረ ላብራቶሪ ነው። ናሙናዎችን ሳትመረምር በዐይን አይታ "አደንዛዥ ዕፅ ነው" ብላ ትፈርም ነበር፣ የሌላትን ዲግሪም እንዳላት አድርጋ ተናግራለች። ከባልደረቦቿ በእጥፍ በእጥፍ የበለጠ ሥራ ትጨርስ ስለነበር የተመሰገነችው በዚያው ነው። በ2017 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከ21,000 በላይ ክሶችን ሰረዘ። ከልክ በላይ የፈጠነን ሠራተኛ ሥራ ማን ይመረምራል የሚለው ጥያቄ መልስ ከሌለው ተቋሙ በማንም ሥር ይሁን ውጤቱ ያው ነው።

ፈቃድ ለሰው ወይስ ለተቋም?

ኔዘርላንድስ ከ2010 ጀምሮ የፍርድ ቤት ባለሙያዎችን በመዝገብ ታሰፍራለች። አመልካቹ ከዚህ በፊት የጻፋቸውን ሪፖርቶች አቅርቦ በሙያ አቻዎቹ ይገመገማል፤ ምዝገባውም የጊዜ ገደብ አለው። ፈረንሳይ በይግባኝ ፍርድ ቤቶች ዝርዝር የምታስገባቸውን ባለሙያዎች መጀመሪያ ለ3 ዓመት፣ ከዚያም ለ5 ዓመት ትመዘግባለች። ቴክሳስ ከ2019 ጀምሮ ለላብራቶሪ መርማሪዎች የግል ፈቃድ ትጠይቃለች። ከእነዚህ የኔዘርላንድሱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የሚመዝነው ሰውየው የሠራውን ሥራ ነው።

የሰው ፈቃድ ብቻውን የማያይውን የኤፍቢአይ የፀጉር ምርመራ ያሳያል። በ2015 ይፋ በሆነው ማጣራት ከ28 መርማሪዎች 26ቱ ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ አጋንነው መስክረዋል ወይም ጽፈዋል። ይህ የጥቂት ሰዎች ጥፋት አይደለም፤ ተቋሙ ራሱ እንዲያ ያናግር ነበር። ስለዚህ አይኤስኦ 17025 የተባለውን የላብራቶሪ ብቃት መስፈርት ለተቋሙ፣ የአቻ ግምገማን ለሰውየው፣ ሁለቱንም ማስገደድ ይገባል። አቅም ካነሰና በአንዱ መጀመር ግድ ከሆነ ከተቋሙ ይጀመር።

በካናዳ ኦንታሪዮ የሕፃናትን አስከሬን ለዓመታት ሲመረምር የነበረው ሐኪም ደግሞ የተቃራኒውን ያስጠነቅቃል። ዝነኛ ነበር፤ የፎረንሲክ ፓቶሎጂ (የሞትን መንስኤ ለፍርድ የመመርመር) ሥልጠና ግን አልነበረውም። በ2008 ሪፖርቱን ያወጣው አጣሪ ኮሚሽን የተመለከተው ግምገማ ከ45 ጉዳዮች በ20ዎቹ ላይ ችግር አግኝቷል። ሐኪም መሆን የሞትን መንስኤ ለፍርድ ቤት ለማስረዳት አይበቃም፤ ሕጉ ፈቃዱን በየሙያ ዘርፉ ለይቶ መስጠት አለበት።

ዳኛው በር ላይ ይመርምር?

አሜሪካ በ1923 በአንድ ፍርድ ዘዴው በሙያው ዘንድ ተቀባይነት ካገኘ ይበቃል አለች። በ1993 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛው ራሱ እንዲመረምር ጠየቀ፦ ዘዴው ተፈትኗል ወይ? በአቻ ተገምግሟል ወይ? የስህተት መጠኑ ይታወቃል ወይ? የአሠራር መስፈርት አለው ወይ? በሙያው ተቀባይነት አለው ወይ? የማስረጃ ደንቡም በታኅሣሥ 2023 ተሻሽሎ አስተማማኝነቱን የማስረዳት ሸክም ባለሙያውን ባቀረበው ወገን ላይ መሆኑ ግልጽ ሆነ። በእንግሊዝ የሕግ ኮሚሽን በ2011 ተመሳሳይ የአስተማማኝነት ፈተና በአዋጅ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ፤ መንግሥት አዋጁን ተወውና ሐሳቡ በ2014 በሥነ ሥርዓት ደንቦችና መመሪያዎች በኩል ገባ።

በወረቀት ከታየ የ1993ቱ ፈተና ይበልጣል። በተግባር ግን ዳኞች ከዚህ በፊት በችሎት የለመዱትን ዘዴ በቀላሉ ያሳልፋሉ፣ ጥብቅ የሚሆኑትም አብዛኛውን ጊዜ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ዳኛውን ሳያሠለጥኑ በር ጠባቂ ማድረግ አደራውን ብቻ መስጠት ነው። የእኔ ሐሳብ አምስቱ ጥያቄዎች ለዳኛው ከመቅረባቸው በፊት ባለሙያው ራሱ በሪፖርቱ ላይ እንዲመልሳቸው ማስገደድ ነው። "የዚህ ዘዴ የስህተት መጠን ስንት ነው?" በሚለው አርዕስት ሥር "አልተጠናም" ብሎ መጻፍ ያለበት ባለሙያ በችሎት "መቶ በመቶ" ለማለት አፉ አይደፍርም።

ከሁሉ በፊት የሚገባው ድንጋጌ፦ ሰነዱን ማስረከብ

ለአንድ አንቀጽ ብቻ ቦታ ቢኖር የምመርጠው ይህን ነው።

በእንግሊዝ በ1999 ሁለት ሕፃናት ልጆቿን ገድላለች ተብላ ዕድሜ ልክ የተፈረደባት እናት ነበረች። አንድ ታዋቂ የሕፃናት ሐኪም ምክንያቱ ያልታወቀ ድንገተኛ የሕፃን ሞት በአንድ ቤት ሁለት ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብሎ መሰከረ። ቁጥሩ የተገኘው ከ8,543 አንድ የሚለውን በራሱ በማባዛት ነው፣ ሁለቱ ሞቶች የሚጋሩት ምንም ምክንያት እንደሌለ ተቆጥሮ። ወንድማማቾች ግን ዘርም ቤትም ይጋራሉ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2001 ስህተቱን በይፋ ተቃወመ። ሰዎች ይህን ጉዳይ የሚያስታውሱት በዚህ ቁጥር ነው። በ2003 ፍርዱ እንዲሻር በር የከፈተው ግን ሌላ ወረቀት ነው። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የሁለተኛውን ሕፃን ናሙና የባክቴሪያ ምርመራ ውጤት በእጁ ይዞ ለተከላካይ ወገን አላሳወቀም። ከሦስት ዓመት በላይ እስር በአንድ የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ስለዚህ ድንጋጌው "የምርመራ ውጤት ለተከሳሽ ይሰጣል" ብሎ ማቆም የለበትም። ውጤት ማለት አንድ ገጽ ነው። መሰጠት ያለበት መርማሪው ሲሠራ የጻፈው ማስታወሻ፣ መሣሪያው ያወጣው ጥሬ ንባብ፣ ፎቶግራፎቹ፣ ኤግዚቢቱ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት መዝገብ፣ በላብራቶሪው ውስጥ የተለየ አስተያየት ካለ እርሱም፣ እንዲሁም ከመርማሪ ፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር የተደረገው የጽሑፍ ልውውጥ ነው። ማንም ሳይጠይቅ መሰጠት አለበት፤ መኖሩን የማያውቁትን ወረቀት መጠየቅ አይቻልምና።

ከሰነዱ ጎን ናሙናው ይቆማል። የሚበቃ ከሆነ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ይቀመጥ። ምርመራው የሚጨርሰው ከሆነ ከመጀመሩ በፊት ለተከላካይ ወገን ይነገር፣ ተወካዩም ይገኝ። ቅጣት ላይ ያለ ሰው ማስረጃ ፍርዱ እስኪፈጸም አይወገድ። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት ሁለተኛ ባለሙያ የማቅረብ መብት የሚመረመር ነገር የሌለው መብት ይሆናል።

ተጠያቂነት

በሐሰት መመስከር የሚያስቀጣው ሰውየው እያወቀ ሲዋሽ ነው፤ የተሳሳተ ባለሙያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረውን ያምናል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 ባለሙያው በቸልተኝነት ለፈጸመው ስህተት የቀጠረው ደንበኛ ሊከሰው ይችላል ብሏል። እኔ ግን በወንጀል ጉዳይ ተቃራኒው ወገን ባለሙያውን እንዲከስ መፍቀድን አልደግፍም፤ አስቸጋሪ ጉዳዮችን የሚይዝ ሰው እስኪጠፋ ድረስ ያስፈራል። ያለመከሰሱ ይቆይለት፤ ከሙያ ተቆጣጣሪው ዲሲፕሊን ግን አያድነው። ስህተቱን ራሱ ያሳወቀ ባለሙያም ከደበቀው በተለየ መታየት አለበት።

ሳይንሱ ሲለወጥ የተፈረደበት ሰው ምን ያድርግ?

አብዛኞቹ ሕጎች ፍርድን እንደገና ለማየት "አዲስ ማስረጃ" ይጠይቃሉ። አሮጌው ማስረጃ እንደተሳሳተ መታወቁ አዲስ ማስረጃ ይባላል ወይ በሚለው ዳኞች ይለያያሉ። ቴክሳስ በ2013 ያወጣችው ድንጋጌ ይህን በቀጥታ ፈትቷል፦ ፍርዱ የተመሠረተበት የሳይንስ ዕውቀት ከተለወጠ፣ ወይም በጊዜው ያልነበረ የሳይንስ ማስረጃ ከተገኘ፣ የተፈረደበት ሰው አቤት ማለት ይችላል። ቃሉን ለማርቀቅ ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ነው። በ2015 የመሰከረው ባለሙያ ራሱ ሳይንሳዊ ዕውቀቱ መለወጡም ተጨምሮበታል፤ ይህም በግልጽ ይካተት።

በዚህ ክፍል በብዙ ረቂቆች የሚረሳው የማሳወቅ ግዴታ ነው። እስር ቤት ያለ ሰው በእርሱ ላይ የመሰከረው ባለሙያ እንደተጋለጠ በምን ያውቃል? በማሳቹሴትስ ኬሚስቷ ከተያዘች እስከ ክሶቹ መሰረዝ አምስት ዓመት ያህል አልፏል፣ የትኛው ክስ በእርሷ ፊርማ እንደቆመ ዝርዝሩን ማውጣትም ጊዜ ወስዷል። ስለዚህ ላብራቶሪው እያንዳንዱን ውጤት ከመርማሪው ስምና ከፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር ጋር አያይዞ እንዲይዝ፣ ከባድ ስህተት በታወቀ በተወሰነ ቀን ውስጥም ዝርዝሩን ለዐቃቤ ሕግ፣ ለተከላካይ ጠበቆችና ለራሳቸው ለተፈረደባቸው ሰዎች በጽሑፍ እንዲያደርስ ይደንገግ። ዝርዝሩ ከሕጉ በፊት የተሰጡ ውጤቶችንም ያካትት፤ አሁን በእስር ላይ ያሉት ሰዎች የተፈረደባቸው በእነዚያ ነው።